ፍሊት፦ ስሙ ያው፣ ውስጡ ሌላ

በረሮ ብቅ ሲል "ፍሊት አምጡ!" እንላለን። ሱቅ ሄደን "ፍሊት አለ?" ብንል ባለሱቁ የየትኛው ኩባንያ ብሎ ሳይጨነቅ አንድ ጣሳ ያነሳልናል። ፍሊት ለኛ እንደ ሳሙና የዕቃ ስም ነው። አነሳሱ ግን እንዲህ አልነበረም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሊት ገበያ የወጣው በ1923 አሜሪካ ውስጥ ነው። ያመረተው የነዳጅ ኩባንያ ነበር፤ ስታንዳርድ ኦይል ኦፍ ኒው ጀርሲ። ከነዳጅ የተጣራ ዘይት ለዝንብና ለትንኝ መግደያ አድርጎ በእጅ ፓምፕ እንዲረጭ አቀረበው። ከ1928 ጀምሮ የማስታወቂያውን ሥዕል የሚሠራለት ወጣት ደግሞ ኋላ በልጆች መጻሕፍቱ የታወቀው ዶክተር ሱስ ነው። ሥዕሉ አሳቀ፣ ጣሳው ተሸጠ፣ ስሙም ባሕር ተሻገረ።

ዲዲቲ የሚባለው ኬሚካል በ1874 ቤተ ሙከራ ውስጥ ተሠርቶ ነበር፤ ለምን እንደሚጠቅም ያወቀ ግን አልነበረም። በ1939 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ከተማ፣ የጋይጊ ኩባንያ ኬሚስት ፖል ሙለር ነፍሳትን እንደሚገድል ደረሰበት። ጦርነቱ ሲፋፋም ወታደሩን በቅማል ከሚተላለፈው ተስቦና ከወባ ለመጠበቅ ፋብሪካዎች በገፍ አመረቱት። ሙለርም በ1948 በሕክምና ዘርፍ ኖቤል ተሸለመ። ከጦርነቱ በኋላ ፍሊት ውስጥም 5 በመቶ ዲዲቲ ገባ። ስሙ ያው ፍሊት፣ ውስጡ ሌላ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ረጪዎቹም ፓምፓቸውን አንግተው ከቤት ቤት እየዞሩ ግድግዳ ላይ ዲዲቲ ረጩ። ዛሬ ተቀምጦ "መርዝ ረጩብን" ማለት ይቀላል። በዚያ ዓመት ልጁን የቀበረ ሰው ግን እንዲህ የሚል አይመስለንም።

ኋላ ላይ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው የአዳሚ ቱሉ ፋብሪካ ዲዲቲን እዚሁ ያዘጋጅ ጀመር። ዋናው ንጥረ ነገር ከውጭ ይገባ፣ እዚህ ተደባልቆ ለርጭት ይበቃ ነበር። በሌላው ዓለም ግን ነገሩ ተገልብጦ ነበር። ሬቸል ካርሰን በ1962 ባሳተመችው መጽሐፍ ኬሚካሉ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ እየተጠራቀመ እንደሚቆይ ለሕዝብ አስረዳች። አሜሪካ በ1972 ከለከለችው። የ2001ዱ የስቶክሆልም ስምምነት ደግሞ እንደ ወባ ያሉ በሽታ አስተላላፊ ነፍሳትን ለመከላከል ብቻ ፈቀደው።

በወረቀት ላይ እንግዲህ ዲዲቲ የግድግዳ እንጂ የእርሻ አልነበረም። ሆኖም ጫት ላይ ቅሪቱ ተገኘ። በገበሬው ለመፍረድ አንቸኩልም። በቋንቋችን የሚገድለውም የሚያድነውም ስሙ "መድኃኒት" ነው። "የወባ መድኃኒት" የተባለ ነገር ለጫት ተባይስ ለምን አይሆንም?

ትንኟ ግን በስም አትታለልም፤ ዲዲቲን ለመደችው። በ2009 ገደማ ዴልታሜትሪን ተተካ። እሱንም ለመልመድ ጊዜ አልወሰደባትም። ዴልታሜትሪን ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ቤተሰብ ነው፤ ዛሬ ቤታችን የምንነፋው አብዛኛው ጣሳም የያዘው የዚህኑ ቤተሰብ ዘመዶች ነው።

በመቶ ዓመት ውስጥ ኢንዱስትሪው ከነዳጅ ዘይት ወደ ዲዲቲ፣ ከዲዲቲ ወደ ፓይሬትሮይድ ተጉዟል። እኛ ሁሉንም ፍሊት ብለን ተቀበልን። ቃሉን ጣሉት አንልም፤ እኛም አንጥለውም። ግን ከመንፋታችን በፊት ጣሳውን ገልብጠን ደቃቋን ጽሑፍ እናንብብ፦ ምን አለበት? ምግብ ይከደን ይላል? ልጅ ከክፍሉ ይውጣ ይላል? ስሙ ይህን አይነግረንም።