በገዛ ቤት ጭሰኛ፦ ለሽያጭ የማይቀርበው ስልክ ታሪክ

ድሮ አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ የነበረውን ያንን ከባድ ጥቁር ስልክ፣ ጣት አስገብተው የሚያዞሩትን (እኛም አገር ሰው እንዳይደውልበት ቁልፍ ይደረግበት የነበረውን ዓይነት)፣ አንስታችሁ ብታዩት “የቤል ሲስተም ንብረት፣ ለሽያጭ የማይቀርብ” የሚል ጽሑፍ ታገኙበታላችሁ። ቤቱ የሰውየው ነው፣ አልጋውም ሶፋውም የራሱ ነው። ስልኩ ግን የኩባንያው ነው። ሠላሳ ዓመት ቢያወራበትም በየወሩ ኪራይ ይከፍልበታል እንጂ የሱ አይሆንም።

ክፍል ውስጥ ጭሰኛና ባለርስት ብዬ ሳስተምራችሁ የምናወራው ስለ መሬት ነበር። ስልክም ጭሰኛ ነበረው ለማለት ነው። አሜሪካ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ በኢንተርኔት ሂሳባችሁ ላይ በየወሩ የምታዩዋት “የዕቃ ኪራይ” የምትል መስመርም የመጣችው ከዚያው ነው። ቲቸር ዛሬም ታሪክ አበዛ እንዳትሉኝ፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግራሃም ቤል የፈጠራ ባለቤትነት መብቱን ያገኘው በ1876 ነው። የንግዱን ነገር የያዘለት አማቱ ጋርዲነር ሃባርድ ነበር። ሃባርድ ጠበቃ ነው፤ ከዚያ በፊት ለአንድ የጫማ ማሽን ኩባንያ ሠርቷል። ያ ኩባንያ ማሽኑን ለጫማ ሠሪዎች አይሸጥም፣ ያከራያል፣ ከሚሠሩትም ጫማ ሂሳብ ይቀበላል። ሃባርድ ይህንኑ ዘዴ ወደ ስልክ አመጣው። በ1877 የወጣው ማስታወቂያ ለሁለት ስልክ፣ ለመኖሪያ ቤት ከሆነ በዓመት 20 ዶላር፣ ለንግድ ከሆነ 40 ዶላር ይላል። ክፍያው ቅድሚያ ነው። ለመሸጥ ግን የለም።

እውነቱን ለመናገር ኪራዩ ለሕዝቡ መጥፎ ብቻ አልነበረም። ስልኩ ሲበላሽ ኩባንያው ራሱ መጥቶ ይጠግናል፣ ካልሆነም ይቀይራል። ጥገናው ከራሱ ኪስ ስለሚወጣ ዕቃው እንዳይበላሽ አድርጎ መሥራት ጥቅሙ ነበር። በሄንሪ ድሬይፈስ የተነደፈው “ሞዴል 500” ከዚያ ዘመን ስልኮች አንዱ ነው፤ ዛሬም ድረስ የሚሠራ ሞልቷል። አሁን በሁለት ዓመቱ ባትሪው የሚሞትብንን ስልክ ሳስብ አንዳንዴ ያ ዘመን ይናፍቀኛል፣ ሳልኖርበት።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ዕቃው የኩባንያው ከሆነ፣ ምን እንደሚደረግበት የሚወስነውም ኩባንያው ነው። የኤቲ ኤንድ ቲ ደንብ፣ ኩባንያው ያላቀረበውን ማንኛውንም ነገር ከስልኩ ጋር ማያያዝ ይከለክል ነበር። ማንኛውንም! ሃሽ-ኤ-ፎን የሚባል ነገር ነበር፣ ከ1921 ጀምሮ የሚሸጥ። ሽቦ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። የስልኩ መናገሪያ ላይ የምትሰካ ሽፋን ናት፤ አጠገባችሁ ያለ ሰው ወሬያችሁን እንዳይሰማ ታፍናለች። በቃ። ኩባንያው እሷንም ከለከለ። የሃሽ-ኤ-ፎን ባለቤት በ1948 ለፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን አቤት አለ፤ ኮሚሽኑ በ1955 ለኤቲ ኤንድ ቲ ፈረደ። ሰባት ዓመት ለአንዲት ሽፋን! ሰውየው ይግባኝ ጠየቀ። በ1956 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ሐሳቡ ሲጠቃለል፦ ሰው አፉን በእጁ ከልሎ ማውራት ከተፈቀደለት፣ በዕቃ ከልሎ ማውራት የሚከለከልበት ምክንያት የለም፤ ሌላውን ሕዝብ እስካልጎዳ ድረስ ለራሱ በሚጠቅመው መንገድ ይጠቀም።

ቀጥሎ የመጣው ቶማስ ካርተር የሚባል የቴክሳስ ሰው ነው። ደንበኞቹ ነዳጅ የሚያወጡና ከብት የሚያረቡ፣ የስልክ መስመር ከማይደርስበት ሜዳ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። የስልኩን እጀታ የሚያስቀምጡበት፣ የስልኩን ድምፅ ወደ መገናኛ ሬዲዮ የሚያሻግር ዕቃ ሠራላቸው፤ ካርተርፎን ብሎ ሰየመው። 3,500 ያህል ሸጧል። ኤቲ ኤንድ ቲ ከለከለ፣ ካርተር ከሰሰ፣ ኮሚሽኑም በ1968 ለካርተር ፈረደለት፦ ኔትወርኩን እስካልጎዳ ድረስ ሰው የራሱን ዕቃ ማገናኘት ይችላል።

ኩባንያው እጁን ሰጠ? የት! የራሳችሁን ዕቃ አገናኙ፣ ግን መሃል ላይ ኔትወርኩን የሚጠብቅ የኛ ሳጥን ይግባ፣ ሳጥኑንም ከኛ ተከራዩ አለ። ኪራይ በበር ወጥቶ በመስኮት ተመለሰ ማለት ይኸው ነው። ይህ የቀረው በ1970ዎቹ አጋማሽ ኮሚሽኑ የዕቃ ምዝገባ ደንብ ካወጣ በኋላ ነው። ደረጃውን ያሟላና የተመዘገበ ዕቃ ያለ ሳጥን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል። ያቺ ዛሬም የምናውቃት ትንሽ አራት ማዕዘን የስልክ ሶኬት የተለመደችው በዚያን ጊዜ ነው። መልስ መቅጃው፣ ፋክሱ፣ የቤት ሞደሙ፣ ሁሉም የስልክ ኩባንያውን ፈቃድ ሳይጠይቁ በሷ ገቡ። ሕዝቡ ኢንተርኔት ላይ የወጣው እየጮኸ በሚገናኘው ሞደም እንደነበር ታላላቆቻችሁ ይነግሯችኋል።

ጥር 1 ቀን 1984 ቤል ሲስተም ተከፋፈለ። ስልኩን መግዛት ይቻላል ተባለ፤ ዝም ያለ ደግሞ ኪራዩ ይቀጥልበታል። ብዙ አዛውንት ዝም አሉ። በ2006 የአሜሪካ ጋዜጦች የኦሃዮ አንዲት አሮጊት ለዚያ ለሚዞረው ስልክ በአርባ ዓመት ውስጥ ከ14,000 ዶላር በላይ ኪራይ መክፈላቸውን ጻፉ። ያወቁት የልጅ ልጆቻቸው ሂሳቡን ሲያዩ ነው። እኔን ከፍርድ ቤቱ ሁሉ በላይ የከነከነኝ ይሄ ነው፤ መብቱ ተገኝቶ እንኳ ወረቀቱን የሚያነብላቸው ሰው አላገኙም።

ወደናንተ ልመለስ። በወር 15 ዶላር ኪራይ በሦስት ዓመት 540 ዶላር ነው፤ ደህና ሞደምና ራውተር ከዚያ ባነሰ ይገዛል። ጀርመን ያላችሁ ከነሐሴ 2016 ጀምሮ የራሳችሁን ራውተር የመጠቀም መብታችሁ በሕግ ነው። አሜሪካም በ2019 የወጣ ሕግ፣ በራሳችሁ ዕቃ እየተጠቀማችሁ ኪራይ እንዳትጠየቁ ይከለክላል። ስትገዙ ግን ኩባንያው ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን እዩ፤ ሲበላሽም ወጪው የራሳችሁ ነው። የድሮውን ሳጥን ስትመልሱ ደረሰኝ ተቀበሉና ፎቶ አንሱት።

አሜሪካ ከእናትና አባቶቻችሁ ጋር የምትኖሩ ደግሞ ዛሬ ማታ የነሱን ሂሳብ አውጡና አንብቡላቸው። ምን እንዳገኛችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።