ከአምስት ድምፅ ወደ ሙሉ ኦርኬስትራ፤ የቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ ወደ ኮንሰርት አዳራሽ የገባበት ታሪክ

የምህንድስና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በድልድይ፣ በግድብ፣ በባቡር ሐዲድና በሞተር ስም ነው። ከእነዚህ ግዙፍ ሥራዎች ጎን ለጎን ግን ጥፍር በምታክል የሲሊኮን ቅንጣት ላይ የተሠራ፣ የብዙ ሚሊዮን ሰዎችንም ጆሮ የገዛ ሌላ ታሪክ አለ። ይኸውም ለቪዲዮ ጨዋታ የተደረሰው ሙዚቃ ከመጫወቻው ሣጥን ወጥቶ፣ በሕያው ሙዚቀኞች እጅ፣ በታላላቅ አዳራሾች ሊሰማ የበቃበት ታሪክ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ የቴክኒክ ወሰን የሥነ ጥበብን መልክ እንዴት እንደሚቀርጽ፣ ወሰኑ ሲነሣም ከሥራው ምን እንደሚተርፍ፣ የሠሪውም ስም በሥራው ላይ መስፈሩ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው መመልከት ይቻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጠባቡ ሣጥን

በ1978 ታይቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው «ስፔስ ኢንቬደርስ» የተሰኘ ጨዋታ ሙዚቃው ወደ ታች የሚወርዱ አራት ወፍራም ድምፆች ብቻ ነበር። ጨዋታው እየተፋፋመ ሲሄድ እነዚህ ድምፆች ይፋጠናሉ፤ የተጫዋቹም ልብ አብሮ ይፋጠናል። ዜማ ነው ለማለት የሚያዳግት ቢሆንም፣ ድምፅ ከተጫዋቹ ድርጊት ጋር መተሳሰሩ ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ መሠረት ሆነ።

በሐምሌ 1983 ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ «ፋሚኮም» የተሰኘውን የቤት ውስጥ መጫወቻ በጃፓን ለገበያ አቀረበ። የመሣሪያው ዋና ቺፕ ስሌቱንም ድምፁንም አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ አምስት የድምፅ መስመሮች ነበሩት። ሁለቱ ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ፣ አንዱ ባለ ሦስት ማዕዘን ሞገድ፣ አንዱ እንደ ነፋስ ሽውታ ወይም እንደ ከበሮ ምት የሚሰማ ሁከት፣ የመጨረሻው ደግሞ አስቀድሞ የተቀረጸ አጭር ድምፅ ያሰሙ ነበር። የባለ አራት ማዕዘኖቹ ጉልበት የሚለካው በ16 ደረጃዎች ብቻ ነው። ባለ ሦስት ማዕዘኑማ ወይ ይሰማል ወይ ዝም ይላል እንጂ ከፍና ዝቅ ማለትን አያውቅም። በዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የወፍራሙ ድምፅ ተግባር ለእርሱ ይሰጥ ነበር።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ሰይፍ ሲሰነዘር ወይም በር ሲከፈት የሚሰማው ድምፅ የሚወጣው ከእነዚሁ መስመሮች በመሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት ሙዚቃው ከድምፆቹ አንዱን ይነጠቃል። የመረጃ ማስቀመጫውም ቦታ እጅግ የተወሰነ ነበር። በግንቦት 1986 የወጣው «ድራጎን ክዌስት» ሥዕሉ፣ ጽሑፉ፣ የጨዋታው ሕግና ሙዚቃው በጠቅላላው በ64 ኪሎባይት ውስጥ የታጨቀ ነበር። ስለዚህ ዜማዎቹ አጫጭር ሆነው ባለቁ ቁጥር ወደ መነሻቸው እየተመለሱ ያለማቋረጥ እንዲደጋገሙ ሆኑ።

እጥረት ግን ብልሃትን ይወልዳል። መሰንቆ አንድ ክር ብቻ ቢኖረውም አዝማሪው ጣቶቹን እያመላለሰ የአድማጩን ጆሮ እንደሚሞላ ሁሉ፣ የዘመኑ ደራሲዎችም በጥቂት መስመር ብዙ ለማሰማት መንገድ ፈለጉ። በተለይም በ1982 በወጣው፣ ሦስት ድምፅ ብቻ በነበረው ኮሞዶር 64 ላይ የሠሩት አውሮፓውያን፣ የአንድን ኅብረ ድምፅ ኖታዎች በየተራ እጅግ በፍጥነት በማሰማት ጆሮ አንድ አድርጎ እንዲቀበላቸው ያደርጉ ነበር። ሌሎችም አንዱን ዜማ በሁለተኛው መስመር ጥቂት አዘግይተውና ዝቅ አድርገው በመድገም የገደል ማሚቶ ያስመስሉ ነበር።

በፖስታ ካርድ የተጀመረ ሥራ

ይህን ጠባብ መሣሪያ ከኦርኬስትራ ጋር ያገናኙት ሰው ኮይቺ ሱጊያማ ናቸው። ሱጊያማ በ1931 ተወልደው በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። በፉጂ ቴሌቪዥን ጣቢያ በዳይሬክተርነት ሠርተው፣ ቀጥሎም ለዘፈንና ለማስታወቂያ ዜማ በመድረስ ስማቸው የታወቀ ነበር። ኤኒክስ የተባለው ኩባንያ ባወጣው የሾጊ ጨዋታ ላይ ያላቸውን አስተያየት በፖስታ ካርድ ጽፈው ይልካሉ። የኩባንያው ሰዎች ካርዱን ሲያነቡ የላኪውን ማንነት አወቁ፤ ሙዚቃ እንዲደርሱላቸውም ጠየቋቸው። «ድራጎን ክዌስት» ሲወጣ ሱጊያማ የ55 ዓመት ሰው ነበሩ።

ሱጊያማ የመሣሪያውን ጥበት የተወጡት የጥንቱን የባሮክ ዘመን አጻጻፍ በመከተል ነው። ኅብረ ድምፅ መደርደር ባይቻልም፣ ሁለት ዜማዎች እየተጠያየቁና እየተከታተሉ ሲሄዱ አድማጩ ከሁለቱ መካከል ያልተነገረውን ሦስተኛ ድምፅ በልቡ ያሟላዋል። ለቤተ መንግሥቱ ትዕይንት የደረሱት ሙዚቃ ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው። በሁለት መስመር የተጻፈ ቢሆንም በውስጡ የባለ አውታር መሣሪያዎች ጓድ የተደበቀ ይመስላል።

የተደበቀው የተገለጠው ነሐሴ 20 ቀን 1987 ነው። በዚያን ዕለት በቶኪዮ ከተማ፣ ከተከፈተ ገና ዓመት ባልሞላው በሰንቶሪ አዳራሽ፣ የሁለቱ የመጀመሪያ «ድራጎን ክዌስት» ጨዋታዎች ሙዚቃ በሕያው ሙዚቀኞች ቀረበ። ይህ ዝግጅት በቪዲዮ ጨዋታ ሙዚቃ የተሰናዳ የመጀመሪያው ኮንሰርት ነው ተብሎ ይታወቃል። ስሙ «የቤተሰብ ክላሲክ ኮንሰርት» ነበር። የኦርኬስትራ አዳራሽ ረግጠው የማያውቁ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ገብተው፣ በቤታቸው ከቴሌቪዥን ሣጥን የሚሰሙትን ዜማ በቫዮሊንና በቀንድ መለከት ሰሙት። ዝግጅቱም ለብዙ ዓመታት የቀጠለ ልማድ ሆነ።

የአቀናባሪው ፈተና

የጨዋታን ሙዚቃ ለኦርኬስትራ ማቀናበር ሲባል ድምፁን ማጉላት ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ሥራው ግን ከዚህ የጠለቀ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የምንጭ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ ዜማዎች ለማሽኑ የተሰጡት በቁጥር ኮድ እንጂ በኖታ ስላልነበረ፣ አቀናባሪው ሙዚቃውን በጆሮው እየሰማ እንደገና ለመጻፍ ይገደዳል። ሁለተኛው የድምፅ ቀለም ነው። እኩል ስፋት ያለው ባለ አራት ማዕዘን ሞገድ የሚይዘው ጎደሎ ቁጥር ያላቸውን ተከታይ ሞገዶች ብቻ ሲሆን፣ ይህ ጠባይ ከክላርኔት ዝቅተኛ ድምፅ ጋር ያቀራርበዋል። የባለ ሦስት ማዕዘኑ ተከታይ ሞገዶች ቶሎ ስለሚሟሽሹ ድምፁ ወደ ዋሽንት ለስላሳነት ያደላል። ይሁን እንጂ በጨዋታው ውስጥ የወፍራሙን ድምፅ ሥራ ስለሚሠራ፣ በኦርኬስትራ ለቼሎና ለኮንትራባስ ይሰጣል። አቀናባሪው እንግዲህ ድምፁን በመልኩ ይተርጉመው ወይስ በተግባሩ የሚለውን በየመስመሩ መወሰን አለበት።

ሦስተኛው ትንፋሽ ነው። ቺፕ አይተነፍስም፤ መለከት ነፊ ግን ይተነፍሳል። ማሽኑ ሳይደክም የሚያንቆረቁረውን የኖታ ጎርፍ አንድ ሰው ሊጫወተው ስለማይችል ለሁለትና ለሦስት መሣሪያ ይከፋፈላል። አራተኛውና ከሁሉም የከበደው የመደጋገም ነገር ነው። ጨዋታው የሚያልቀው ተጫዋቹ በፈለገ ጊዜ ስለሆነ ሙዚቃው መጨረሻ የለውም። በአዳራሽ የተቀመጠ አድማጭ ግን መነሻ፣ መካከልና መድረሻ ይጠብቃል። ስለዚህ አቀናባሪው መሸጋገሪያ መጻፍ፣ ዜማውን በተለያየ መልክ ማሳደግና መዝጊያ መፈለግ ይኖርበታል። ይህም ሁሉ የሚሆነው ዜማውን ሺህ ጊዜ ሰምቶ እያንዳንዷን ኖታ በቃሉ በያዘ ሕዝብ ፊት ነው። ብዙ ቢለውጥ ባዕድ ሆነብን ይሉታል፤ ምንም ባይለውጥ ኦርኬስትራው ሥራ ፈታ ይሉታል።

ከጃፓን ወደ ዓለም

ሱጊያማ የቀደዱትን በር ሌሎችም ገቡበት። ከ1991 እስከ 1996 የተለያዩ ደራሲዎችን ሥራ ያሰባሰቡ ኮንሰርቶች በጃፓን በተከታታይ ተደረጉ። የካቲት 20 ቀን 2002 ያለ መምህር ሙዚቃን የተማሩት ኖቡኦ ኡዌማትሱ የደረሱት የ«ፋይናል ፋንታሲ» ሙዚቃ በቶኪዮ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ቀረበ። ነሐሴ 20 ቀን 2003 ከመጀመሪያው ኮንሰርት ልክ በ16ኛ ዓመቱ፣ በጀርመን አገር በላይፕዚግ ከተማ በጌቫንትሃውስ አዳራሽ ቶማስ ቦከር ያዘጋጁት ኮንሰርት በቼክ ብሔራዊ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ተደረገ። ይህም ከጃፓን ውጭ የመጀመሪያው ነበር። በግንቦት 2004 የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ የኡዌማትሱን ሥራ በዋልት ዲስኒ አዳራሽ ሲያሰማ፣ በሐምሌ 2005 ደግሞ «ቪዲዮ ጌምስ ላይቭ» የተባለው ዝግጅት በሆሊውድ ቦውል 11,000 የሚያህል ሕዝብ ሰበሰበ።

በዚህ ጊዜ ሁለት ዐይነት መንገድ ተለይቶ ታየ። አንደኛው ሙዚቃውን ከትልቅ ሥዕላዊ መጋረጃና ከብርሃን ጋር ያዋሕዳል። ምስሉና ኦርኬስትራው እንዳይለያዩ በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ የምት መቁጠሪያ ስለሚያስፈልግ፣ የመሪው ነፃነት ለማሽኑ ሰዓት ይገዛል። ሁለተኛው መንገድ ሥዕሉን ትቶ በሙዚቃው ብቻ ይተማመናል። በግንቦት 2013 በጀርመን፣ በዚያው ወርም በለንደን በባርቢካን አዳራሽ በለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የቀረበው «ፋይናል ሲምፎኒ» የዚህ ምሳሌ ነው። በዚህ ሥራ የሦስት ጨዋታዎች ሙዚቃ አንዱ እንደ ሲምፎኒያዊ ቅኔ፣ ሁለተኛው እንደ ፒያኖ ኮንቼርቶ፣ ሦስተኛው በሦስት ክፍል እንደ ተሟላ ሲምፎኒ ሆነው ተቀናብረዋል። በነሐሴ 2022 ደግሞ በሮያል አልበርት አዳራሽ የሚደረገው የታወቀው የቢ.ቢ.ሲ. «ፕሮምስ» የሙዚቃ በዓል አንድ ምሽት ለጨዋታ ሙዚቃ ሰጠ።

የሠሪው ስም

ኮንሰርቱ ለሙዚቃው ካደረገለት ይልቅ ለሠሪዎቹ ያደረገላቸው ሳይበልጥ አይቀርም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ የጃፓን ኩባንያዎች ባለሙያዎቻቸው በተቀናቃኝ እንዳይወሰዱባቸው በመስጋት፣ በጨዋታው መጨረሻ ላይ እውነተኛ ስማቸው እንዲጻፍ አይፈቅዱም ነበር። በ1991 የወጣውን የ«ስትሪት ፋይተር 2» ሙዚቃ አብዛኛውን ክፍል የደረሱት ወይዘሮ ዮኮ ሺሞሙራ በቅጽል ስም ከተሸሸጉት አንዷ ነበሩ። ዜማውን ዓለም ሲያውቀው ባለቤቱን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። ኮንሰርት ግን ያለ ደራሲ ስም አይቀርብም። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ ስም ይታተማል፤ ደራሲውም መድረክ ላይ ወጥቶ እጅ ይነሣል።

ሐምሌ 23 ቀን 2021 በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች ባልነበረበት በቶኪዮ ስታዲየም የኦሊምፒክ መክፈቻ ሲደረግ፣ የአገሮች ሰልፍ የገባው በጨዋታ ሙዚቃ ታጅቦ ነው። የመጀመሪያው ዜማ የሱጊያማ «ድራጎን ክዌስት» መክፈቻ ነበር፤ ከተከታዮቹም መካከል የሺሞሙራ ሥራ ይገኝበታል። ሱጊያማ በዚያው ዓመት መስከረም 30 ቀን በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። በ2023 የአሜሪካ የኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ኮጂ ኮንዶ ለ«ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» የደረሱትን ዜማ በብሔራዊ የድምፅ ቅርስ መዝገቡ ላይ አሰፈረ፤ ከጨዋታ ሙዚቃ ለዚህ ክብር የበቃ የመጀመሪያው ነው። በ2025 ደግሞ ሺሞሙራ «ባፍታ» የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ከፍተኛ ክብር የሆነውን ፌሎሺፕ ተቀበሉ።

ለሙያችን የሚተርፈው ትምህርት

የፋሚኮም ቺፕ ዛሬ በኩባንያው አይመረትም፤ በየቤቱ የቀሩትም መጫወቻዎች በየዓመቱ እየተበላሹ ይሄዳሉ። በቁጥር ኮድ ብቻ ተጽፎ የቀረ ሙዚቃ ዕድሜው የማሽኑ ዕድሜ ነው። በኖታ የተገለበጠውን ግን የትም አገር ያለ ኦርኬስትራ አንሥቶ ሊጫወተው ይችላል። ጉዳዩ ለመሐንዲስ እንግዳ አይደለም። ንድፉ፣ ስሌቱና የማሻሻያው ታሪክ ሳይመዘገብ የቀረ ሥራ፣ የሠራው ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት አብሮ ይሞታል። ተተኪውም እንደ ሙዚቃ አቀናባሪው በጆሮው እየሰማና በግምት እየዳሰሰ ከመጀመሪያው እንዲጀምር ይገደዳል።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱ የሚዘጋጅ ንድፍ ሲዘጋ ሁለት ነገር ሊጎድለው አይገባም። አንደኛው ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊቀጥለው የሚችል የተሟላ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው በሥራው የተሳተፉት ሰዎች፣ ከዋናው መሐንዲስ እስከ ንድፍ አንሺው፣ እውነተኛ ስም ነው።