የኦክሲጅን ሴንሰር አመጣጥና የምርመራው ሥርዓት

የሞተር ጠባይ የሚታወቀው ከጭሱ ነው። ቀደም ሲል መካኒክ የቤንዚኑን መብዛትና ማነስ የሚለየው በካንዴላው ቀለምና በጆሮው ነበር። ይህን ልማድ የለወጠው፣ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ለካሊፎርኒያ ገበያ በተዘጋጁ የቮልቮ መኪናዎች ላይ የዋለው የኦክሲጅን ሴንሰር ነው።

ሴንሰሩ የዚርኮኒያ ሸክላ ሲሆን፣ በጭሱና በውጭው አየር መካከል ያለውን የኦክሲጅን ልዩነት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ቤንዚን ሲበዛ ወደ 0.9፣ አየር ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ያሳያል። ኮምፒዩተሩም በዚህ እየተመራ፣ በክብደት 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን የሚለውን ሚዛን ይጠብቃል።

እርሳስ ያለበት ቤንዚን ሴንሰሩን ያመክነዋል። ከሰሐራ በታች ያሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 በዳካር ተስማምተው እስከ 2006 መባቻ ነዳጁን በመተዋቸው መሣሪያው በአፍሪካ ዕድሜ አገኘ።

በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በወላይታ ሶዶ ኦቶና፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ ደጋ ሲወጣ ጥቁር ጭስ ያስተፋ የነበረው ስለዚህ ነው፤ ሴንሰር ያለው ሞተር ግን ራሱን ያርማል።

እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በአሜሪካ አዲስ መኪናዎች ላይ ግዴታ የሆነው የኮድ ሥርዓት ሲመጣ፣ መብራቱ በበራ ቁጥር ሴንሰር የመለወጥ ልማድም አብሮ መጣ። ይህ የባለንብረቱን ገንዘብ ማባከን ነው፤ ኮዱ ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። አስቀድሞ የጭስ ማውጫው እንዳያፈስ፣ ሽቦውም እንዳይቃጠል መመርመር ያሻል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቮልቱ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ማለት አለበት። በአንድ ቦታ ከቆመ፣ አየሩን ወይም ቤንዚኑን ጨምሮ መፈተን ይገባል፤ ለዚህም መልስ ካልሰጠ፣ ያን ጊዜ ጥፋቱ የሴንሰሩ ነው።