ባዶ እግር ሲለካ

አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2:15:16 ሲያሸንፍ፣ እግሩ አስፋልቱ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የለካ ሳይንቲስት አልነበረም። (በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ሰዓቱን ከሦስት ደቂቃ በላይ አሻሽሏል። ይህቺን የባዶ እግር አፍቃሪዎች ብዙም አያነሷትም!)

ለኪዎቹ ዘግይተው ደረሱ። በ2010 የሃርቫርዱ ዳንኤል ሊበርማንና ባልደረቦቹ ኔቸር መጽሔት ላይ ጥናት አወጡ። ያለ ጫማ መሮጥ የለመዱ አሜሪካውያንና ኬንያውያን በአብዛኛው የሚያርፉት በእግራቸው የፊት ክፍል ነው፤ ተረከዝ መሬት ሲመታ የሚመጣው ድንገተኛ ንዝረትም ይቀርላቸዋል አሉ። ወሬው ተናፈሰ፤ ጫማ ሻጮችም አልተኙም፤ “እንደ ባዶ እግር” የሚል ጫማ ገበያውን ሞላው።

በ2013 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ 38 ዳሰነቾችን አስሩጠው የደረሱበትን አሳተሙ። ዳሰነች በእኛም በኩል፣ ኦሞ ዳር የሚኖር ሕዝብ ነው። እነሱም ያደጉት በባዶ እግር ነው። ታዲያ በሚመቻቸው ፍጥነት ሲሮጡ 72 በመቶዎቹ ያረፉት በምን መሰላችሁ? በተረከዛቸው! በፊት እግር ማረፍ የበዛው ፍጥነት ሲጨምሩ ነው።

እናም “ባዶ እግሬን ለጥናት ልስጥ ወይስ ይቅርብኝ?” ለሚል ሯጭ፣ እኔ ስጥ ነው የምለው። በተረከዝህ የምታርፍ ከሆነ ደግሞ ቀድመህ ተሰለፍ።