ጥቁሩም ቀለም ነው

ማለዳ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆመው የሴባስቶፖልን አምሳያ አስተውለው ያውቃሉ? ፀሐይ ከኋላው ስትሆን የመድፉ ዝርዝር ሁሉ ይጠፋል፤ የሚቀረው በነጩ ሰማይ ላይ ያረፈ አንድ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው። ሆኖም መድፍ መሆኑን ለማወቅ ማንም አይቸገርም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ወዳጄ ልጁን ሥዕል እንዲማር አስገብቶት ነበር። ወር ሞላው። ልጁ ግን ወደ ቤት ይዞት የሚመጣው የጠቆረ ጣትና በከሰል የተሞነጫጨረ ነጭ ወረቀት ብቻ ሆነ። አባት ተቆጣ። «ቀለም መቼ ነው የሚጀምሩት? የከፈልኩት ለከሰል ነው እንዴ?» ብሎ ሊያስወጣው ቃጣ።

ለመሆኑ ጥቁርና ነጭ ቀለም አይደሉምን? የፊዚክስ መምህር ቢጠየቅ ጥቁር ብርሃን የማይመለስበት፣ ነጭ ደግሞ የብርሃናት ድምር ነው ይላል። ቋንቋችን ግን ሌላ መልስ አለው። በዐረብኛ «ቀለም» መጻፊያው ብዕር ነው፤ 68ኛው የቁርአን ሱራም በዚሁ ስም ይጠራል። በአማርኛ ደግሞ ቀለም ቀዩና አረንጓዴው ብቻ ሳይሆን ብዕሩ የሚነከርበት ጥቁሩ ፈሳሽም ነው። ትምህርትም ቀለም ነው፤ የተማረውን ሰው «ቀለም የቆጠረ» እንላለን።

በወሎም ሆነ በሐረር ቁርአን ቤት በሉሕ የቀራ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። ሉሑ የእንጨት ገበታ ነው። ደረሳው ከጥላሸት ወይም ከከሰል በተበጀ ቀለም የመቃ ብዕሩን እየነከረ ይጽፍበታል፤ ሲሐፍዘው አጥቦ ሌላ ይጽፋል። እዚያ የሚማረው ታዲያ ጥቁሩን ማፍሰስ ብቻ አይደለም። የ«ሷድ» ሆድ ባዶ ሆኖ ካልቀረ ፊደሉ ይደፈናል። ቀለም ያልነካው ቦታም ይነበባል ማለት ነው።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ሠዓሊ አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከአደባባዩ ብዙም አይርቅም። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 ካርል ሐይንዝ ሐንሰን የተባለ ጀርመናዊ አስተምሯል። ብራዚል ውስጥ ባሂያ ስለኖረ ሐንሰን ባሂያ በሚል ስም ይታወቃል። ሙያው የእንጨት ሕትመት ነበር። በጣውላ ላይ ይነደፋል፤ ነጭ እንዲሆን የተፈለገው ሁሉ በመሮ ይፈለፈላል፤ ሳይነካ በቀረው ገጽ ላይ ጥቁር ቀለም በሮለር ይቀባል፤ ከዚያ ወረቀት ተነጥፎበት ይታሻል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ የሠዓሊው እጅ ሲደክም የሚውለው ለነጩ ነው፤ ጥቁሩ እሱ ያልነካው ነው። ላጲስ ደግሞ የለም! መሮው አንዴ ያነሳው እንጨት አይመለስም። ምስሉም ወረቀቱ ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይወጣልና አስቀድሞ ማሰብ ግድ ይላል። ዛሬ በእንጨት ሥራዎቹ የታወቀው ዘሪሁን የትምጌታ የዚሁ ትምህርት ቤት ፍሬ ነው።

ወዳጄንና ልጁን ይዤ አንድ ማለዳ ወደ አደባባዩ ወጣን። ልጁ ከሰሉን አውጥቶ መድፉን ጥቁር አድርጎ ሳለና እጁን አራገፈ። አባት «ሰማዩስ? ሰማዩን አትስለውም?» ቢለው፣ ልጁ ግራ ገብቶት ቀና አለና «ሰማዩማ ወረቀቱ ነው» አለ።

ልጁ ከትምህርቱ አልወጣም። የልብሱ ከሰል ግን አባትን እስካሁን እንዳነጫነጨው ነው።