ከሸቀጥ መደብር እስከ ጁሙዓ ሶላት

ቤትን የሚያስከብረው ግንቡ ነው ወይስ በውስጡ የሚሠራው ሥራ? በኒው ዮርክ ከተማ፣ በታችኛው ማንሃታን የንግድ ሠፈር፣ በፓርክ ፕሌስ ጎዳና የነበረ የአንድ ሕንፃ ታሪክ ለዚህ መልስ አለው።

ባለ አምስት ፎቁ ቤት እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ማብቂያ የተሠራው ለመደብርና ለዕቃ ማከማቻ ነበር። ኋላ የበርሊንግተን ኮት ፋክተሪ ልብስ ይሸጥበት ጀመር። ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 መንትዮቹ ሕንፃዎች በተመቱ ጊዜ የአንደኛው አውሮፕላን የማረፊያ ጎማ ክፍል ጣራውን በስቶ ገባ። መደብሩ ተዘጋ፤ ቤቱም ለዓመታት ባዶውን ቆመ።

በ2009 ሙስሊም ባለሀብቶች ገዙት። ኮት ይሰቀልበት በነበረው ቤት ምንጣፍ ተነጥፎ ጁሙዓ ተሰገደ። በቦታው እስላማዊ ማዕከል ለመሥራት ሲታቀድ ግን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሳይወሰን የቆየው፣ ሕንፃውን በቅርስነት የመመዝገብ ጉዳይም ለውሳኔ ቀረበ። ኦገስት 3 ቀን 2010 የከተማው የቅርስ ኮሚሽን ዘጠኝ አባላት በአንድ ድምፅ ምዝገባውን አልተቀበሉትም። ሆኖም ማዕከሉ በታቀደው መልክ አልተሠራም፤ አሮጌው ቤት ፈርሶ በስፍራው ረጅም የመኖሪያ ፎቅ ቆመ።

ልብ በል! ከመቶ ሃምሳ ዓመት ዕድሜው የተሰገደበት ዘመን እጅግ አጭር ነው። ዓለም የሚያስታውሰው ግን በእርሱ ነው።

የእኛስ መስጊድ ስፍራ ቀድሞ ምን ነበር? የመጀመሪያውን ምንጣፍ ማን አነጠፈ? የሚያውቁ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቀህ ጻፍ። ግንብ ይፈርሳል፤ የተጻፈ ይተርፋል። አላህ የቀደሙትን ሥራ ይቀበልላቸው፤ አሚን።