ከግርጌው ያለው ስም

በ1996 ዓ.ም. የ16 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በደቂቃ ሒሳብ በሚከፈልበት ኢንተርኔት ካፌ ተቀምጬ፣ ጂኦሲቲስ በተባለው ነጻ ሰፈር የራሴን ድረ ገጽ ሠራሁ። አራት ግጥሞች ለጠፍኩበት፤ ረሳሁትም። ትዝ ያለኝ ሰሞኑን ነው። የሟች አባቴን የግጥም ደብተር ፍለጋ ሳጥን ሁሉ አገላብጠን ስናጣው፣ ከዚያ ደብተር ገልብጬ የጻፍኩት ነገር እንደነበረ አስታወስኩ።

ጂኦሲቲስን ያሁ እ.ኤ.አ. በ1999 ገዝቶ፣ ከጃፓኑ በቀር፣ ጥቅምት 16 ቀን 2002 ዓ.ም. ዘጋው። ደግነቱ አርካይቭ ቲም የተባሉ በጎ ፈቃደኞች የቻሉትን ያህል አስቀድመው ገልብጠው ነበር፤ ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭም እንዲሁ። የድሮውን አድራሻ ጻፍኩ፤ ገጹ ተከፈተ። ጥቁር መደቡ፣ የሚብለጨለጨው ኮከብ፣ ፊደሉን ካልጫናችሁ አይነበብም የሚለው የእንግሊዝኛ ማሳሰቢያ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ግጥሞቹ ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ትርምስ ሆነዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛው እትም ቢሆንም፣ ካፌዎቻችን ውስጥ እስኪገባ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። እስከዚያው ሶፍትዌር ሠሪው ሁሉ የላቲኑን ቦታ እየተዋሰ የየራሱን ሠንጠረዥ ያወጣ ነበር። እኔ በተጠቀምኩበት «አ» የላቲን ኤክስ ናት። ቦታው ለፊደላችን ብዛት ስለማይበቃም አንዳንዱ ከሁለት ቁራጭ ይገጠማል፤ «ዲ» እግሯን የምትዋሰው ከቃለ አጋኖ ነው። ስለዚህ «አዲስ አበባ» ተብሎ የተጻፈው፣ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒውተር ላይ በኤክስ ጀምሮ መሐሉ ላይ ይጮኻል።

ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ፊደል በፊደል ፈትቼ ስጨርስ ዓይኔ ከግርጌው ላይ ቀረ። በአራቱም ሥር የሰፈረው ስም የእኔ ብቻ ነው! ባንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፊርማ ሳመሳክር የምውል ሰው፣ የገዛ አባቴን ግጥም በስሜ አትሜ ኖሯል። ያኔ ስርቆት መስሎ አልታየኝም፤ ይሁንና ገጹን ለአባቴ አንድም ቀን አላሳየሁትም።

አንደኛው ያለ ጥርጥር የእሱ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ የወረደበትን ገጠር ያነሳል፣ እኔ ገና አልተወለድኩም። አንዱ ደግሞ የእኔ ነው፤ ስለ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ የጻፍኩት። የቀሩትን ሁለቱን መለየት አቃተኝ። ቃላቱን ያወቅኋቸው ከእሱ አፍ ስለሆነ፣ በአነጋገር ለመለየት ብሞክርም አልሆነልኝም።

እሑድ ለእናቴ አነበብኩላት። ዘመቻውን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች፤ ሁለቱን አሻሚዎች ሳነብ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። በመጨረሻ የክፍል ጓደኛዬን ግጥም ሰማችና ፈገግ ብላ፣

«ይሄንንማ ለእኔ ነው የጻፈው» አለችኝ።

ዝም አልኩ።